በ62 ዓመቴ የመጀመሪያ ልብ ወለዴ ታተመ፤ የከበደኝ ግን መጻፉ አልነበረም

ሲስተር ጡረታ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ለዓመታት ሳነብ ቆይቻለሁ። የጻፍኩት ግን ትንሽ ነው። ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ታገሱኝ።

38 ዓመት በነርስነት ሠርቼ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። ባለፈው ዓመት፣ በ2017 ጥር ላይ፣ የመጀመሪያ ልብ ወለዴ ታተመ። 62 ዓመቴ ነበር። አንድ ሺህ ቅጂ አሳተምኩ። ዛሬ ቤቴ የቀረው 140 ገደማ ነው። ያገኘኝ ሰው ሁሉ "እንዴት በዚህ ዕድሜ ቻልሽው?" ይለኛል። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። መልሴ ግን ሰዉን ግር ይለዋል። መጻፉ አልከበደኝም። የከበደኝ እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ማግኘት ነው።

ታሪኩ ኮረም ላይ ነው፣ በ1977ቱ ረሃብ። ያኔ 22 ዓመቴ ነበር። ተመርቄ ገና ዓመት አልሞላኝም። ወሎ ሂጂ ተባልኩ፣ ሄድኩ። ስለዚያ ጊዜ ለባለቤቴም ለልጆቼም ብዙ አውርቼ አላውቅም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሌሊት ስባንን "ኮረም ደርሰሽ መጣሽ?" ይለኝ ነበር። ወሬው በዚያው ያበቃል። ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ። በዓመት ከአራት ወር 11 ደብተር ሞላ። ጠዋት ቤተክርስቲያን ስሜ እመጣለሁ፣ እስከ ምሳ እጽፋለሁ። የእህቴ ልጅ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ሁሉንም በኮምፒውተር ተየበችልኝ። 412 ገጽ ወጣው።

ከዚያ ማስነበብ ጀመርኩ። ለሰባት ሰው ሰጠሁ። ሰባቱም አንድ ዓይነት መልስ መለሱልኝ። "በጣም ደስ ይላል ሲስተር።" "ዕድሜ ይስጥዎት።" "አስለቀሱኝ።" አንዷ አብራኝ የሠራች ልጅ በሁለት ቀን መለሰችልኝ። ሦስት ልጆች አሏት፣ ተረኛም ነበረች። 412 ገጽ በሁለት ቀን እንዳላነበበች አውቃለሁ። አልተቀየምኳትም። ግን ብቸኝነት ተሰማኝ።

በመጨረሻ አርታኢ ቀጠርኩ። 29 ዓመቱ ነው። ከመጀመሪያ ልጄ በስምንት ዓመት ያንሳል። ጨዋ ልጅ ነው። ቤቴ ሲመጣ ጫማዬን ካላወለቅሁ ይላል። ቡና ሳፈላ ተነስቶ ሲኒውን ያቀርብልኛል። ሦስት ወር ሙሉ ያመጣልኝ እርማት የፊደል ነበር። የንጉሡ ሠ የት ይገባል፣ የእሳቱ ሰ የት። አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ። ስለ ታሪኩ ስጠይቀው "በጣም ጥሩ ነው ሲስተር" ይላል፣ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ።

አንድ ቀን ያረመውን ረቂቅ ትቶልኝ ሄደ። ማታ መብራት ጠፋ። የስልኬን መብራት አብርቼ ሳገላብጥ ገጽ 64 ጠርዝ ላይ የተፋቀ ነገር አየሁ። በላጲስ የጠፋ የእርሳስ ጽሕፈት ነው። ወረቀቱን አዘንብዬ ብርሃኑን ከጎን ሳደርግበት ጭረቱ ወጣ። ሁለት ቃል ናት።

"እዚህ ይጀምራል።"

የገጽ 64 የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ነው፦ "ብርድ ልብሱ አንድ ነው። ልጆቹ ሦስት።"

ከዚያ በፊት ያሉት 63 ገጾች የልጅነቴ ነበሩ። የአያቴ ቤት፣ ጥምቀት፣ የትምህርት ቤት መንገድ። ደክሜባቸዋለሁ፣ እወዳቸዋለሁ። ልጁ ግን ትክክል ነበር። ሌሊቱን አልተኛሁም። ያላስተኛኝ የ63ቱ ገጽ ነገር አይደለም። ልጁ እውነቱን አይቶ ነበር። ጽፎትም ነበር። ከዚያ ፋቀው። የፋቀው ስላከበረኝ ነው።

ጠዋት ደውዬ ጠራሁት። ቡናም ሳላፈላ ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋሁ። ፊቱ ቀላ። "ይቅርታ እናቴ፣ ድፍረት እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው" አለኝ። እንዲህ አልኩት፦ "ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ክፉ ወሬ ስነግር ነው የኖርኩት። ለገበሬም ለጄኔራልም። አክብሬ ነው የምነግራቸው፣ ግን እነግራቸዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንቺ በለኝ።"

ሞከረ። አፉ እምቢ አለው። በመጨረሻ በሌላ ተስማማን። እኔን አንቱ ይበል፣ ጽሑፉን ግን አንተ ይበል። "እርስዎ እዚህ ጋ..." ብሎ እንዳይጀምር። "ይሄ ምዕራፍ እዚህ ጋ ይዋሻል" እንዲል። ይህን ከተስማማን በኋላ አንደበቱ ተፈታ። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ቦታ አሳየኝ። በአራት ወር 412 ገጹ 288 ሆነ። መጽሐፉ የተጻፈው በእነዚያ አራት ወራት ነው ብዬ ነው የማምነው።

እና ጥያቄዬ ይኸው። ዕድሜያችሁ ከገፋ በኋላ የጻፋችሁ፣ እውነቱን ማን ነገራችሁ? ወጣቶቹስ፣ ለምን ትፈሩናላችሁ?


አርታኢ ከአራት ኪሎ

ሲስተር፣ ከእርስዎ ጋር የሠራው ልጅ እኔ አይደለሁም። ግን እኔም ፍቄ አውቃለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ልብ ወለድ ይዘው መጡ። 68 ዓመታቸው ነው። ሥራው ውስጥ ዘጠኝ ዋና ሰዎች አሉ። ዘጠኙም የሚናገሩት እንደ ዳኛው ነው። እረኛውም፣ ሴትኛ አዳሪዋም፣ ተማሪውም። ይህን አየሁ። ልናገር ስል "ልጄ ሰላም ነህ? እናትህ ደህና ናቸው?" ይሉኛል። ምላሴ ይተሳሰራል። ፊደሉን አስተካክዬ ሰጠኋቸው። መጽሐፉ ወጣ። አንድ አንባቢ ፌስቡክ ላይ ያንኑ ነገር በሦስት መስመር ጻፈው። ማታ ደወሉልኝ። "አንተ አላየኸውም ነበር?" አሉኝ። "አይቻለሁ" ማለት አልቻልኩም። "አላየሁም" ማለትም አልቻልኩም። ዝም አልኩ። ዝምታዬ ገባቸው መሰለኝ፣ "በል ደህና እደር" ብለው ዘጉት።

ያንን ስልክ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ሥራ ስቀበል በመጀመሪያው ቀን አንድ ምዕራፍ ፊት ለፊት ጮክ ብዬ አነባለሁ። ደራሲው ይሰማል። ዓረፍተ ነገሩ ሲያነክስ እኔ ሳልናገር ጆሮው ይነግረዋል። "ቆይ ቆይ፣ ይቺን መልሳት" ሲሉኝ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

ካነበብኳቸው ረቂቆች አንድ ነገር ልጨምር። በዕድሜ የገፉ ጸሐፊዎች የሚበዛባቸው ማስረዳት ነው። ወጣቱ አይገባውም ብለው ይሰጋሉ። ስለዚህ ሰውየው ያለቅሳል፣ ቀጥሎ ለምን እንዳለቀሰ ይነገረናል፣ ቀጥሎ ተረትና ምሳሌ ይመጣል። ለቅሶው ብቻውን ይበቃ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ እኔ በመጽሐፍ ፈልጌ የማላገኘውን ያውቃሉ። ደመወዙ ስንት ነበር፣ ቴሌግራም ሲመጣ ማን ይዞት ይመጣ ነበር፣ ኩራዙ ሲጠፋ ቤቱ ምን ይሸታል። ለዚህ ብዬ ነው ይህን ሥራ የምወደው።


የአባቷ ልጅ

ሲስተር እንኳን ደስ ያለዎት! አባቴ 66 ዓመቱ ነው፣ ሐዋሳ ነው ያለው። ባንክ ቤት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ልብ ወለድ ጽፎ ጨርሷል። የማሳተሙን ነገር እኔ ልከታተልለት ነው። ከየት ልጀምር? ስንት ቅጂ ይሻላል? አይኤስቢኤን የሚባለው የመጽሐፍ መለያ ቁጥርስ ከየት ነው የሚወጣው? እባክዎ ያካፍሉኝ፣ ምንም አላውቅም።


መጽሐፍ ሻጭ ለገሃር

ለአባቷ ልጅ። 500 ወይም 1,000 ይብቃችሁ። ይህን የምልሽ ከ20 ዓመት በላይ መጽሐፍ ሸጬ ነው። ትልልቅ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ዘመድ ሁሉ "እኔ 50 እወስዳለሁ፣ እኔ መቶ" ይላቸዋል። እነሱም ቃል ነውና ያምናሉ። 3,000 ያሳትማሉ። ከዚያ ካርቶኑ አልጋ ሥር ይገባል። አንድ አባት ነበሩ፣ በየወሩ ሱቄ እየመጡ ስንት እንደተሸጠ ይጠይቁኛል። አራት፣ ሦስት፣ አንድ። ይህን ቁጥር መንገር ለእኔም ከባድ ነበር።

ሌላው አከፋፋይ ነው። ከሽፋን ዋጋው ላይ ድርሻውን ይቆርጣል፣ ገንዘቡን የሚሰጥሽ ሲሸጥ ነው። በጽሑፍ ተዋዋሉ። ስንት ቅጂ እንደወሰደ፣ መቼ ሒሳብ እንደምትተሳሰቡ። አባትሽ ሰው አማኝ ከሆኑ አንቺ ጠንከር በይ።

ሲስተር፣ መጽሐፍዎን ሸጬዋለሁ ልበል? ሽፋኑ ላይ ግራጫ ብርድ ልብስ ያለበት ነው? ከሆነ አንባቢ ተመልሶ መጥቶ ለሰው ስጦታ የገዛው መጽሐፍ ነው። ይህ ብዙ አይገጥመኝም።


ሲስተር ጡረታ

ወንድሜ ለገሃር፣ አዎ ግራጫው ነው። ያልከኝን ሳነብ እንባዬ መጣ። እግዜር ይስጥልኝ።

የአባቷ ልጅ፣ የኔ ቆንጆ፣ የእኔን መንገድ ልንገርሽ።

አይኤስቢኤን የሚሰጠው ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ነው። እዚያው ሄደሽ ትጠይቂያለሽ፣ የሚያስፈልገውን ይነግሩሻል። የእኔ ቁጥር በ978-99944 ነው የሚጀምረው። ከሕትመት በኋላ ደግሞ ቅጂ ታስረክቢያለሽ። አስረክቢ፣ አትርሺው። አባትሽ የጻፉት አገር ቤተ መጻሕፍት ገባ ማለት ነው።

የማተሚያ ዋጋ በፕሮፎርማ ነው፣ ፕሮፎርማው ደግሞ ቶሎ ይሞታል። ወረቀቱ ከውጭ ነው የሚመጣው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ እኔ ገና አርትዖት ላይ ነበርኩ። በግንቦት የተሰጠኝ ዋጋ በመስከረም አልሠራም። የጡረታ ሰው ይህን ቀድሞ ማሰብ አለበት። እኔ የባለቤቴን መኪና ሸጬ ነው የጨረስኩት። አልቆጨኝም፣ ግን አባትሽ ከመፈራረማቸው በፊት ገንዘቡ በእጅ ይሁን።

ፋይሉንም ተጠንቀቂ። የእኔን ገጽ የሠራው ልጅ ጽሑፉን ፓወር ግዕዝ ከሚባለው የድሮ የአማርኛ መተየቢያ ወደ ዩኒኮድ ሲገለብጠው ፊደል ተበላሸ። ቋ፣ ኳ፣ ጓ ያለበት ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆነ። ቁልቋል የምትለዋ ቃል አሥራ አራት ቦታ ላይ ተሰባብራ አገኘኋት። ከተገለበጠ በኋላ እንደ አዲስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መነበብ አለበት። እናንተ ራሳችሁ አንብቡት።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ስላልነገረኝ ልንገርሽ። መጽሐፍ ሲታተም ገጹ በ16 በ16 ነው የሚታጠፈው። 16ቱ አንድ እጥፍ ነው፣ እጥፉ ተደርድሮ ይሰፋል ወይ ይጣበቃል። ካርቶኖቹ ቤቴ ሲደርሱ የመጀመሪያውን ከፍቼ አሸተትኩት። የቀለሙ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ማታ ለራሴ ላነብ ብዬ ያዝኩት። ገጽ 128 ላይ ስደርስ ቀጥሎ ያለው ገጽ 113 ነው። ያነበብኩት ተመልሶ መጣ። ከ129 እስከ 144 ያለው የለም። አንዱ እጥፍ ሁለቴ ገብቶ ሌላው ቀርቷል።

የእህቴን ልጅ ጠራኋት። ሳሎኑን ምንጣፍ አንጥፈን አንድ ሺሁን መጽሐፍ አንድ በአንድ ገጽ 129 ላይ እየከፈትን አየን። ሁለት ቀን ፈጀብን። ጉልበቴ አበጠ። 43ቱ ጉድለት ነበረባቸው። ማተሚያ ቤቱ ስወስድላቸው ቀየሩልኝ፣ ብዙ ግን አመላለሱኝ። ሳንፈትሽ በትነን ቢሆን ኖሮ 43 አንባቢ አሮጊቷ ተሳስታለች ይል ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ እጃችሁ ሲገባ ከመሸጣችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ግለጡት።


መምህር ዘጎጃም

ለእህቴ ለሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 71 ዓመቴ ነው። ደብረ ማርቆስና አካባቢው አማርኛ ሳስተምር ኖሬያለሁ።

የእኔ ልብ ወለድ በ1976 ነው የተጻፈው። ያኔ እንደ አርታኢዎ 29 ዓመቴ ነበር። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር ማለፍ ነበረበት፣ እናንተ ወጣቶች ይህን በወሬ ነው የምታውቁት። የእኔ ረቂቅ ከስምንት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። ደብዳቤ የለውም። ገጽ 17 ላይ አንድ ቀይ መስመር ብቻ። በመስመሩ ሥር ያለው ስለ ዝናብ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው። ምን እንዳጠፋሁ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ፈራሁ። ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። በኋላ ሳንሱሩ ሲቀር ላወጣው እችል ነበር። አላወጣሁም። ልጆች ማሳደግ አለ፣ ፈተና ማረም አለ። ዓመት ዓመትን እየወለደ 40 ዓመት አለፈ።

የአገሬ ልጅ ስለሆኑ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን ነገር ሁሌ አስባለሁ። በ1902 ነው የተወለዱት። ጠላት አገር ሲወር ዘመቱ፣ ተማርከው ጣልያን አገር ታሰሩ። ከዚያ ዲፕሎማት ሆኑ፣ ሚኒስትር ሆኑ፣ ለንደን አምባሳደር ሆኑ። "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ሲወጣ 56 ዓመታቸው ነበር። የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም ነበር። ሰው ሁሉ በዚያች መጽሐፍ ያቆሙ ይመስለዋል። አላቆሙም። "ወንጀለኛው ዳኛ" በ1974 ወጣ፣ "የልም እዣት" በ1980። 72 እና 78 ዓመት ሆኗቸው ማለት ነው። እኔ በ71 ዓመቴ ሣጥኑን ለመክፈት እጄ ይንቀጠቀጣል።

የእርስዎን ጽሑፍ ሳነብ የገባኝ ነገር አለ። ሣጥኑን ያልከፈትኩት ጊዜ አጥቼ አልነበረም። አንድ ሰው በቀይ አሰመረበት፣ ምክንያቱን ግን አልነገረኝም። የእርስዎ ልጅ ደግሞ ምክንያቱን አውቆ ፋቀው። አንዱ በጭካኔ ነው፣ አንዱ በአክብሮት። ለጻፈው ሰው ግን ሁለቱም ዝምታ ናቸው።


ሹፌሩ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ ያቺን የዝናብ ዓረፍተ ነገር እዚህ ይጻፉልን እባክዎ።

እኔ 58 ነኝ። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ 26 ዓመት ነድቻለሁ። ልብ ወለዴን የጻፍኩት ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ አድርጌ፣ በስልኬ፣ በአውራ ጣቴ። አዲስ አበባ ታተመ፣ ግማሹን በሻንጣ በሻንጣ አስመጣሁ። እዚህ የሚሸጠው ሰው ፊት ለፊት ነው። ቤተክርስቲያን አዳራሽ፣ ምግብ ቤት፣ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል ላይ ጠረጴዛ ይዤ። ሰዉ ይገዛል፣ እውነት ለመናገር። ብዙው ግን የሚገዛው ለእኔ ብሎ ነው።

እውነቱን ማን ነገረህ ላሉት፣ የ17 ዓመት ልጄ ናት። እዚህ ነው የተወለደችው። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። ያመኛል ይህ ነገር። አባቷ የጻፈውን መጽሐፍ ይዛ ፎቶ ትነሳለች፣ አንድ መስመር ማንበብ ግን አትችልም። ስለዚህ ገና ረቂቅ እያለ ማታ ማታ እያነበብኩ አሰማኋት። ልጄ አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም። አማርኛዋ አንተና አንቺ ብቻ ነው። ለአያቷም፣ ለቄሱም። በአምስተኛው ምዕራፍ ላይ አስቆመችኝ። "ዳዲ፣ እናትየዋ ለምን አታወራም? ሁሉም ሰው ስለሷ ያወራል፣ እሷ ግን ምንም አላለችም" አለችኝ።

ሁለት ዓመት ስጽፈው አላየሁትም ነበር። የእናቴ ታሪክ ነው፣ እናቴ አንድ ቃል አትናገርም። በማግስቱ ተራ ስጠብቅ እንደ አዲስ ጀመርኩት።

የሐኪም ቤት ሰው ስለሆኑ አንድ ነገር ላንሳ ሲስተር። አብርሃም ቨርጊዝ አዲስ አበባ የተወለደ ሐኪም ነው፣ እንደ ፈረንጅ በ1955። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ የወጣው በ2009 ነው፣ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ። ታሪኩም አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ለልጄ የእንግሊዝኛውን ገዝቼላት ሁለታችንም አነበብነው። በሐኪም ቤት የኖረ ሰው የሚያየው ነገር አለ መሰለኝ።


ገና ጀማሪ

ሁላችሁንም አክብሬ፣ እኔ ግን ትንሽ አልስማማም። 26 ዓመቴ ነው፣ ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ መጽሐፌን አወጣሁ። እኔን ማንም አልፈራኝም። "ሕይወት ሳታውቂ ምን ትጽፊያለሽ" ያለኝ ሰው ሳያነብ ነው ያለኝ። የመጽሐፌ ምርቃት ላይ 19 ሰው መጣ። የእናንተ ምርቃት ላይ አዳራሽ ይሞላል፣ ሚዲያ ይመጣል። እውነቱን አላገኘንም ትላላችሁ። እኛ ደግሞ እውነት ተብሎ የሚወረወርብን ነገር በዝቶ ለመጻፍ እጃችን ፈርቷል። አክብሮት ትንሽ ቢተርፋችሁ ለእኛ አካፍሉን።


ሲስተር ጡረታ

የኔ ልጅ፣ ትክክል ነሽ። ሳያነቡ መናገር እውነት መንገር አይደለም። ያሉሽን ሰዎች ስለ እነሱ ሆኜ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

አዳራሹን በተመለከተ የእኔን ልንገርሽ። 200 ሰው ያህል መጣ። አብረውኝ የሠሩ፣ ዕድርተኞቼ፣ የልጆቼ ጓደኞች። ከበሮ ተመታ፣ እልል ተባለ። ብዙው ሰው ገዛ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ዝም። ዕድር ላይ ሳገኛቸው "እንኳን ደስ ያለሽ" ይሉኛል እንጂ ስለ ታሪኩ አንድ ሰው አላነሳም። አንድ ማታ ግን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ወልዲያ ነው የምትኖረው። ስሜንም በቅጡ አልጠራችም። "ያቺ ነርስ ብርድ ልብሱን ለመካከለኛው ልጅ መስጠት አልነበረባትም" አለችኝ። ተናዳ ነው። "ትንሿ እኮ የበለጠ ታማ ነበር፣ ገጽ 90 ላይ ራስዎ ጽፈውታል" አለችኝ። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። እኔ ያቺን ሌሊት 40 ዓመት ሙሉ ብቻዬን ነው የተከራከርኩባት። ስልኩን ስዘጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንባቢ ማለት ይህ ነው ለካ አልኩ።

የመጽሐፍሽን ርዕስ በውስጥ ላኪልኝ። ገዝቼ አነባለሁ። የማይጥመኝንም እነግርሻለሁ፣ አንብቤ።


አርታኢ ከአራት ኪሎ

ሲስተር፣ መጽሐፍዎ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ሲዞር አይቻለሁ። ላሳውቅዎ ብዬ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከለላ ይሰጥዎታል። ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ካለፈም በኋላ 50 ዓመት የሚቆይ መብት ነው። ለወራሾችም ይሄዳል።


ሲስተር ጡረታ

አይቼዋለሁ ልጄ። የእህቴ ልጅ ቻናሉን አግኝታልኝ ራሴ ጻፍኩለት። "ይህን መጽሐፍ ያሳተምኩት የሟች ባለቤቴን መኪና ሸጬ ነው፣ እባክህ ከቻናልህ አንሳው" ብዬ። በሰዓት ውስጥ አነሳው። "እናቴ ይቅር በዪኝ፣ በሕይወት ያሉ አልመሰለኝም" ብሎ መለሰልኝ። ሌላ ቻናል ላይ ግን አሁንም አለ። እየጻፍኩ ነው።


የአባቷ ልጅ
ከ12 ቀን በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሲስተርን ጽሑፍ ለአባቴ አነበብኩለት። ስጨርስ ዝም አለ። ከዚያ "አንቺ አንብበሽዋል?" አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። ሃያ ገጽ አንብቤ ነበር ያቆምኩት። "እንግዲህ ከሃያ አንድ ጀምሪ" አለኝና እርሳስ ሰጠኝ። ላጲሱን ግን ኪሱ ከተተው። አሁን ገጽ 110 ላይ ነን።


መምህር ዘጎጃም
ከሦስት ሳምንት በኋላ

ለሹፌሩ ወንድሜ። የዝናቡ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ነው፦ "ዝናቡ ሁሉንም ጣራ እኩል አልመታም።" አሁን ሳየው ለምን እንዳሰመሩበት ገባኝ መሰለኝ። ሣጥኑን ከፍቼዋለሁ። ወረቀቱ ጠርዙን ምስጥ በልቶታል፣ መሃሉ ደህና ነው።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬን ጠራሁት። ዛሬ ራሱ አስተማሪ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት። በሲስተር ሥርዓት ተስማማን። እኔን አንቱ፣ ጽሑፉን አንተ። ስምንት ቀን ወስዶ መለሰልኝ። ቁጭ አለ፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ተናገረ። ሦስተኛው ምዕራፍ ንግግር ነው እንጂ ታሪክ አይደለም አለኝ። ያስተማርኩት ልጅ ነው። ማታውን ከፋኝ፣ አልዋሽም። ራቴን አልበላሁም። ጠዋት ተነስቼ ምዕራፉን ሳነበው ድምፄን ሰማሁት። ክፍል ውስጥ የማስተምርበት ድምፅ ነው።


ሲስተር ጡረታ

ጋሽ መምህር! እንዴት ደስ እንዳለኝ። ልጁ ታሪኩ የት ጋ ይጀምራል አለዎት?


መምህር ዘጎጃም

ገጽ 17 ላይ። ቀዩ መስመር ያለበት።